የክሮስበርን ገበያ መርዶ ነጋሪ

አበሻ በተሰደደበት አገር ሁሉ፣ የሚጸልይበት አዳራሽ ከመከራየቱ በፊት፣ እድር ከማቋቋሙም በፊት፣ አንድ መርዶ ነጋሪ ያገኛል። ሹመቱን የሚሰጥ የለም፤ ምርጫም አይደረግም። ብቻ ከአገር ቤት ክፉ ወሬ በመጣ ቀን የሰው ሁሉ ጣት ወደ አንድ ስልክ ቁጥር ይሄዳል። የዚያ ስልክ ባለቤት ይነሣል፣ ሰው ይሰበስባል፣ ሰዓት ይቆርጣል፣ በር ያንኳኳል። የሌላው ሰው ድርሻ ከኋላ ቆሞ ማልቀስ ብቻ ነው።

በደቡብ ለንደን ይህን ከባድ ሥልጣን ይዘው የኖሩት ክብርት ወይዘሮ እታለማሁ ናቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ጎርናና፣ ስድሳን ከተሻገሩ የቆዩ ሴት ናቸው። በአዘቦት ቀን ኤሌፋንት ኤንድ ካስል አጠገብ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ይሠራሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ክሮስበርን ገበያ ላይ በርበሬ፣ ኮረሪማና የአንገት ልብስ ይሸጣሉ። ግዛታቸው ግን ከዚህ በጣም ይሰፋል። ከባተርሲ እስከ ኪልበርን ድረስ፣ ጴንጤ ይሁን ኦርቶዶክስ ይሁን እስላም፣ ዘመዱ አገር ቤት የቀረ ሰው ሁሉ በእሳቸው ሥር ነው።

ሕዝቅያስ በእሳቸው ሥር የገባው መኪና ስላለው ነው። ከእሳቸው ጎን ስልክ የሚጠግን፣ አርባ ዓመት የሞላው፣ ዝምታ የሚወድ ሰው ነው። አንድ ቅዳሜ "ልጄ፣ ያቺ ቫን ያንተ ናት?" ብለው ጠየቁት። "አዎ" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመርዶ ሾፌር ሆነ። ደንበኛ ፊት የተፈታ ስልክ ትቶ "ተነሥ፣ ሰው ሞቷል" ሲባል ስንቴ በልቡ እንደተራገመ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ።

"ከእኚህ ሴትዮ መቼ ነው የምገላገለው?" ይላል ለፍራፍሬ ሻጩ ለዐብዱ። ዐብዱ ይስቃል። ዐብዱ መኪና የለውም።

ወይዘሮ እታለማሁ ሕግ ነበራቸው። መርዶ በስልክ አይነገርም። ወደ ሥራ ለሚወጣ ሰው አይነገርም፤ ሲመለስ ነው እንጂ። አንድ ሰው ብቻውን ሄዶ አያረዳም፤ ቢያንስ አንድ የሚናገር፣ አንድ ከኋላ የሚይዝ፣ አንድ ውኃ የሚያቀርብ ያስፈልጋል። ከሁሉ በፊት ደግሞ አንድ ጥያቄ አለ። ሰው ሞተ ሲባሉ "ማን?" ከማለታቸው በፊት የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

"በልታለች ወይ?"

"ኧረ እትዬ፣ እሱን ማን ያውቃል?" ይላል ሕዝቅያስ።

"ካልበላች አልንቀሳቀስም። ከዛሬ በኋላ መቼ እህል እንደምትቀምስ አንተ ታውቃለህ?"

በዚህ ምክንያት ሕዝቅያስ አንድ ጊዜ ለማያውቀው ሰው ዶሮ በሩዝ ገዝቶ፣ ባተርሲ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ፣ "በዚህ ሳልፍ ነው" ብሎ ዋሽቶ፣ ሰውየው በልቶ እስኪጨርስ አጠገቡ ተቀምጦ ጠብቋል። ሰውየው አመስግኖት፣ እጁን ታጥቦ፣ "እንዲህ ያለ ደግ ሰው በዚህ አገር አለ ለካ" እያለ ሳለ ወይዘሮ እታለማሁ ከነሰዎቻቸው ደረጃውን ሲወጡ ተሰሙ። ያ ሰው እስከ ዛሬ ድረስ ዶሮ በሩዝ አይበላም።

እንዲህ ያለ ሥልጣን ዋጋ ያስከፍላል። ወይዘሮ እታለማሁ እንደ ሰው ዘመድ ሊጠይቁ መሄድ አይችሉም። አንድ የትንሣኤ ማግሥት ኪልበርን ላለችው ለውብነሽ ከእሷ የተዋሱትን ድስት ሊመልሱላት ሄዱ። ውብነሽ በሩን ከፍታ ማን እንደመጣ ስታይ "ወይኔ እናቴ!" ብላ ወለሉ ላይ ተዘረረች። "ድስት ነው! ድስትሽን ነው ያመጣሁት!" ቢሉ ማን ይስማቸው። ጎረቤቱ ወጣ። ሕንፃ ጠባቂው መጣ። አዲስ አበባ ተደውሎ የውብነሽ እናት ራሳቸው በስልኩ ገብተው "ኧረ እኔ አለሁ" እስኪሉ ድረስ ለቅሶው አልቆመም። እናትየው ግን "ለካስ ሞቼ ነበር" ብለው ደንግጠው ሁለት ቀን ተኙ። ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ እታለማሁ ሰው ቤት ሲሄዱ ከታች ጀምረው "ደህና ነው! ሁሉም ሰው ደህና ነው!" እያሉ ደረጃ ይወጣሉ።

ሕዝቅያስ ይህን ሁሉ እንደ ቀልድ ያወራው ነበር። አንድ ጊዜ ግን ከባተርሲ ሲመለሱ፣ መንገድ ተዘግቶ ቫኑ ውስጥ ቆመው ሳለ፣ "እትዬ፣ ይሄን ሥራ ማን አሸከመዎት?" ብሎ ጠየቃቸው።

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው እንዲህ አሉ።

"እዚህ አገር የመጣሁ ጊዜ፣ ልጄ ዳናዊት ሳትወለድ፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሜ ነበር። የገበያ ዘንቢል ይዣለሁ። የአገሬ ልጅ ነው፣ በመልክ ብቻ ነው የማውቀው፣ መጣና እጄን ያዘና 'እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እኔም ገና ትናንት ነው የሰማሁት' አለኝ። 'ምኑን?' አልኩት። አፉን ያዘ። ማን እንደሞተብኝ ለመናገርም ፈራ። እናቴ ነበረች፤ ከተቀበረች ወር አልፏት ነበር። አውቶቡሱ መጣ፣ እኔም ገባሁ። ምን ላድርግ? ቆሜ ሄድኩ፤ ወንበር አልነበረም።"

መንገዱ ተከፈተ። ሕዝቅያስ ነዳ። ከዚያ በኋላ መራገሙን አልተወም፤ ድምፁን ግን ቀነሰ።

ክሮስበርን ዛሬ ለንደን ውስጥ ናት፤ ከእንግሊዞቹ ውስጥ ግን ይህን ያልተቀበሉ ብዙ ናቸው። ለንደን እየሰፋ መጥቶ ሳይውጣት የራሷ የገበያ ከተማ ነበረች። ገበሬው በጉን እየነዳ በሰዓት ማማው ሥር የሚሸጥባት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አገር የሚሰበሰብባት። ይህን ለሕዝቅያስ የነገረው ድንችና እንቁላል ሻጩ ሮይ ነው። የሮይ አያት እዚያው ቦታ ላይ ድንች ሸጧል፤ አባቱም እንዲሁ። ሮይ ራሱ ሰባውን አልፎ በዝናብም በበረዶም ቅዳሜን አንድም ጊዜ አላስታጎለም።

የከተማዋ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ግን የመዘጋት ታሪክ ነው። መጀመሪያ ዳር ላይ ትልቅ ሱፐርማርኬት ተከፈተና ሥጋ ቤቱ ተዘጋ። ቀጥሎ ባንኩ ተዘጋ፣ ፖስታ ቤቱ ተዘጋ፣ የጫማው ሱቅ ያገለገለ ልብስ መሸጫ ሆነ። በገበያው ላይ የእንግሊዞቹ ድንኳን እያነሰ ሲሄድ ባዶውን ቦታ የያዙት ከሌላ አገር የመጡት ናቸው። የካቡሉ ሰውዬ ምንጣፉን ዘረጋ። ኮሎምቢያዊቷ የበቆሎ ቂጣዋን አመጣች። ዐብዱ ፍራፍሬውን፣ ወይዘሮ እታለማሁ በርበሬያቸውን። ሮይ መጀመሪያ በበርበሬው አስነጠሰ፣ ተቆጣ፣ ለብዙ ቅዳሜ ጀርባውን ሰጣቸው።

ሁለቱን ያስታረቀው የሮይ ሚስት ሞት ነው። ጂን የምትባል ሴት ነበረች፤ አንዳንዴ ብቅ ብላ እንቁላል ታሽግለት ነበር። በሕመም ሞተች፣ ሮይም በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ድንኳኑን ተክሎ ድንች መመዘን ጀመረ። ወይዘሮ እታለማሁ ይህን ሲሰሙ በቁማቸው ደነገጡ።

"ሚስቱ ሞታ ድንች ይሸጣል? ሰው የለውም እንዴ?"

"የእነሱ ባህል ነው እትዬ። ብቻቸውን መሆን ይወዳሉ" አለ ሕዝቅያስ።

"ማነው የሚወደው? ጠይቀኸዋል?"

የራሳቸውን ንግድ ለዐብዱ ትተው፣ የሙዝ ሣጥን ገልብጠው፣ ከሮይ አጠገብ ተቀመጡ። ሮይ "ምን ልርዳዎት?" አላቸው። "ምንም። ሥራህን ሥራ" አሉት በተሰባበረ እንግሊዝኛ። ቀኑን ሙሉ አልተነሡም። ማታ ድንኳን ሲታጠፍ በሳሕን ያመጡትን ምስር ሰጥተውት ሄዱ። በሚቀጥለው ቅዳሜም መጡ፣ ተቀመጡ። በዚያኛው ቅዳሜ ነው ሮይ ድንች እየመዘነ ሳለ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "ጂን ዘፈን ትወድ ነበር" ብሎ የጀመረው። እጁ ሚዛኑ ላይ እንዳለ ቆሞ አለቀሰ። ለድንች የተሰለፉት እንግሊዞች መሬት መሬቱን አዩ፤ ግን ማንም ከሰልፉ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ ሮይ ለወይዘሮ እታለማሁ እንቁላል አይሸጥም። ይሰጣል።

ያለፈው በልግ የከተማው አስተዳደር አደባባዩ ላይ የመስታወት ሕንፃ ሊሠራ መወሰኑ ተነገረ። ገበያው ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ወዳለው የመኪና ማቆሚያ ይዛወራል ተባለ። ስብሰባ ተደረገ፣ ፊርማ ተሰበሰበ፣ ሮይ ኮቱን ለብሶ ሄዶ ተናገረ። በትሕትና ሰሙት። የመጨረሻው ቅዳሜ ቀን ተቆረጠለት።

"እንግዲህ ዝም ብለን ድንኳን አጥፈን አንሄድም" አሉ ወይዘሮ እታለማሁ። "ጠረጴዛ ይገጣጠማል። ሁሉም ከቤቱ ያመጣል። አብረን በልተን ነው የምንለያየው።" ይህን ብለው ስንት ሳምንት ሲሯሯጡ፣ ከካቡሉ ሰውዬ ጋር በሩዝ ሲጨቃጨቁ፣ ሮይን ንግግር እንዲያደርግ ሲያባብሉ ከረሙ።

የመጨረሻው ቅዳሜ ሊነጋ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ የሕዝቅያስ ስልክ ጮኸ። ቁጥሩ የኢትዮጵያ ነው። የወጣት ሴት ድምፅ ነው።

"አቶ ሕዝቅያስ ነዎት? ከአሰላ ነው የምደውለው። የጥላዬ ልጅ ነኝ፤ የእታለማሁ ወንድም ልጅ።"

ሕዝቅያስ ያየው ባይሆንም ጥላዬን ያውቀዋል። ወይዘሮ እታለማሁ እሑድ እሑድ ከጸሎት በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ቆመው በስልክ የሚጮሁበት ወንድማቸው ነው። እናታቸው ካለፉ በኋላ የቀራቸው ታናሽ፣ በልጅነቱ ያሳደጉት፣ "ጥርስህን አሳየኝ" እያሉ በቪዲዮ የሚቆጣጠሩት የስድሳ ዓመት ሽማግሌ።

"ትናንት አረፈ" አለች ልጅቷ። "ልቡ ነው። እኛ አጠገቡ ነበርን።"

ሕዝቅያስ ወንበር ፈለገ። "ጌታ ያጽናችሁ" አለ። ከዚያ አፉ ላይ የመጣውን ጠየቀ፤ "ለምን ለእኔ ደወላችሁ? ልጃቸው ዳናዊት አለች፣ ፓስተራቸው አለ …"

"አክስቴ ናቸው ቁጥርዎን የሰጡን። ዓመት አልፎታል። 'ለእኔ የሚነገር ክፉ ነገር የመጣ ቀን ለእኔ እንዳትደውሉ፣ ለዳናዊትም እንዳትደውሉ። ለሕዝቅያስ ደውሉ፤ እሱ ያውቅበታል' ብለውናል።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ሕዝቅያስ ጆሮው ላይ እንደያዘው ቆየ። ዓመት ሙሉ ተሹሞ ኖሯል፤ የነገረው የለም።

ዳናዊትን ከምትሠራበት ሆስፒታል በር ላይ ጠበቃት። ነርስ ናት፤ ሞትን በሥራዋ ታውቀዋለች። ቫኑ ውስጥ አስገብቶ፣ በሰማውና ባየው ሥርዓት፣ ቀስ ብሎ ነገራት። አለቀሰች። ስትረጋጋ ትልቁ ጥያቄ መጣ።

"ነገ ኖ" አለች። "ነገ አይሆንም። ማሚ ለነገ እንዴት እንደሠራች አይተሃል። እሑድ ጠዋት እንንገራት።"

"ቀኑን ሙሉ ልንዋሻቸው ነው?"

"አይ ኖው፣ አውቃለሁ፣ ፌር አይደለም። ወንድሟ ሞቶ እሷ እየሳቀች ምግብ ስታድል … ግን እሷ ብትሆንስ? ለሌላ ሰው መርዶ የምትነግረው እሷ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?"

"በልቷል ወይ ይሉ ነበር።"

ሁለቱም ሳያስቡት ሳቁ። ሳቁ ሳያልቅ ዳናዊት እንደገና ማልቀስ ጀመረች። መርዶው ለእሑድ ጠዋት ተቆረጠ።

ቅዳሜ ቀኑ ደረቅ ብርድ ነበር። ሕዝቅያስ በማለዳ ደረሰ። ወይዘሮ እታለማሁን ግን ከእሱም ቀድመው ጠረጴዛ ሲያስገጥሙ አገኛቸው።

"እንደምን አደሩ እትዬ? ቁርስ በልተዋል?" አለ።

እጃቸው ላይ ያለውን የጠረጴዛ ልብስ እንደያዙ ቀና ብለው አዩት። "በልቻለሁ" አሉ። ልብሱን አነጠፉ።

"ስልክዎትን ይስጡኝ፣ አፕዴት ላድርግልዎት።"

ምንም ሳይጠይቁ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡት።

ዐብዱ ነገሩን ሰምቶ ነበር፤ ለሮይም እሱው ነግሮታል። በነጋታው እሑድ የሚሰብከው ፓስተር ገበያ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን "ቲማቲም ልገዛ ነው" ብሎ መጥቶ በጠረጴዛዎቹ መካከል ሲዞር ዋለ። ዐብዱ ዕቃቸውን ሁሉ ከእጃቸው እየነጠቀ ተሸከመ፣ ዓይናቸውን ግን አያይም። ሮይ ወንበር አምጥቶላቸው ኮፍያውን አወለቀ። ሕዝቅያስ ይህን ሁሉ ሲያይ ላብ አጠመቀው። መርዶ ባልተነገራት ሴት ዙሪያ ሰዎች የሚያደርጉትን ሁሉ አንድ በአንድ እያደረጉ ነበር፤ ያስተማሯቸውም እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ወይዘሮ እታለማሁ ግን ሥራ ላይ ነበሩ። ሩዙ እዚህ፣ ዳቦው እዚያ። እንግሊዞቹ መጀመሪያ ቆመው ሩቅ ሆነው አዩ፤ ጎትተው አስቀመጧቸው። ተራ ነጋዴውና ደንበኛው፣ የድሮው ሥጋ ሻጭ ሚስት በዊልቼር፣ የካቡሉ ሰውዬ ልጆች፣ ሁሉም በአንድ ረጅም ጠረጴዛ በሉ። ሰዓት ማማው ሲደውል ሮይ ተነሣ። ያዘጋጀውን ንግግር አላደረገም። "እዚህ ሠርተው ያለፉትን፣ የሞቱብንንም ስም ልጥራ" ብሎ ጀመረ። አያቱን ጠራ፣ አባቱን ጠራ፣ ዓሣ ሻጩን፣ አበባ ሻጯን፣ ጂንን ጠራ። ከዚያ ሌላው ሰው ቀጠለ። ኮሎምቢያዊቷ እህቷን ጠራች፤ እዚያ ድንኳን ሥር ለአንድ ክረምት አብራት የሠራች እህቷን። የካቡሉ ሰውዬ ጓደኛውን ጠራ። በየስሙ መሀል ዝም ይባላል፤ ርግቦቹ ብቻ ይሰማሉ።

ተራው ወይዘሮ እታለማሁ ላይ ደረሰ። አፋቸውን ከፈቱ። ከሕዝቅያስ በስተቀር ያን ያህል ልብ ብሎ ያያቸው ላይኖር ይችላል። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም።

"እኔ ቆይቼ" አሉና ሳሕን ማንሣት ጀመሩ።

ቀኑ መምሸት ሲጀምር ድንኳኖቹ ታጠፉ። ጠረጴዛዎቹ ተፈቱ። የግንባታው አጥር የሚተከልበት ሥፍራ በነጭ ቀለም ተሰምሮ ይታያል። ሕዝቅያስ የመጨረሻውን ሣጥን ቫኑ ውስጥ ሲጭን፣ ወይዘሮ እታለማሁ ሮይ ባመጣላቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ጠሩት።

"ና እዚህ።"

ሄደ።

"ጠዋት ነው ያወቅኩት" አሉ። "ስንት ዓመት አብረን ሠርተናል? አንድ ቀን ቁርስ በልተዋል ወይ ብለኸኝ አታውቅም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ሮይ ገበያውን እየቀበረ ነበር። እኔ ብጮህ እሱን ማን ያየዋል? ሰው ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚዞረው።" እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። "አሁን ንገረኝ።"

"አውቀውታል እኮ እትዬ …"

"ሞት መሆኑን ነው ያወቅኩት። ማን እንደሆነ አላውቅም!" ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። "ቀኑን ሙሉ ሳሕን ባነሣሁ ቁጥር አንዱን ስገድል ዋልኩ። ጥላዬን አልኩ፣ ልጆቹን አልኩ፣ አክስቴን አልኩ። ስሙን ልጠራ ስነሣ የማንን ስም ልጥራ? ንገረኝ ልጄ፣ አሳርፈኝ።"

ሕዝቅያስ ቆመ። ስንት ቤት ከኋላቸው ቆሞ የሰማቸው ቃላት ሁሉ ጠፉት። "እትዬ፣ እንግዲህ … የእግዚአብሔር ፈቃድ …" ብሎ ተያዘ።

"እንደሱ አይደለም" አሉ። "ቆመህ አትናገር፤ ተቀመጥ። እጄን ያዝ። አዎ፣ ሁለቱንም። ነገር አታንዛዛ። መጀመሪያ ስሙን ጥራ፣ ከዚያ ሞተ በል። ቃሏን አትዋጣት፤ ካልሰማኋት አላምንም።"

ተንበረከከ። ሁለቱንም እጃቸውን ያዘ። ቀዝቅዘዋል፣ በርበሬ በርበሬ ይሸታሉ።

"ጋሽ ጥላዬ" አለ። "ጋሽ ጥላዬ ሞተዋል።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"መቼ?"

"ሐሙስ።"

"ብቻውን ነበር?"

"አልነበሩም። ልጆቻቸው ሁሉ አጠገባቸው ነበሩ።"

ወይዘሮ እታለማሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከእጆቹ አንዱን ለቀው ጉንጩን ነካ አደረጉት። "ጎበዝ" አሉ። "ጎበዝ ልጄ።"

ከዚያ ጮኹ።

የክሮስበርን አደባባይ እንዲያ ያለ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም ይሆናል። ዳናዊት ከሰዓት ማማው ጀርባ ተሸሽጋ ነበር፤ እየሮጠች መጥታ ከኋላ ያዘቻቸው። ዐብዱ ውኃ ይዞ ደረሰ። ፓስተሩ ቲማቲሙን መሬት ላይ በተነው። ሮይ መጣ፣ ምን ማድረግ እንዳለበት ስላላወቀ፣ ባዶው መሬት ላይ፣ ከነኮቱ፣ አጠገባቸው ተቀመጠ።

ቤታቸው ለሦስት ቀን ሰው ሞላ። ሰዎች ከኪልበርን መጡ፣ ከባተርሲ መጡ። ውብነሽ መጣች። ዶሮ በሩዝ የማይበላው ሰውዬ በር ላይ ቆሞ ጫማ ሲያስተካክል ዋለ። መዝሙር ተዘመረ፤ ፓስተሩ ስለ ትንሣኤ ተናገረ። ወይዘሮ እታለማሁ አንዴ ያለቅሳሉ፣ አንዴ ስለ ጥላዬ ይተርካሉ። ልጅ ሳለ ጫማ አልወድም ብሎ ጫማውን በሸንኮራ እንዴት እንደለወጠ፣ ሲድሩት እንዴት እንደደነገጠ። ለቀስተኛው ይስቃል፣ ተመልሶ ያለቅሳል። እንግሊዞቹም እየፈሩ በየተራ መጡ፣ ጥግ ይዘው ተቀመጡ፣ ሻይ ተሰጣቸው፤ መቼ መሄድ እንዳለባቸው ስላላወቁ ብዙዎቹ እስከ ማታ ቆዩ።

ሕዝቅያስ ሦስቱንም ቀን ዕቃ ሲያጥብ፣ ሰው ሲያመላልስ፣ ወንበር ሲበደር ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ሰው ሳሳ ሲል፣ ወይዘሮ እታለማሁ ከፍራሹ ላይ በእጃቸው ጠሩት። ፊታቸው አብጧል፣ ድምፃቸው ከስሟል።

"እናትህ እንዴት ናቸው?"

ደነገጠ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስለ እናቱ አንድ ቀን ጠይቀውት አያውቁም። አሁን ነው ምክንያቱ የገባው። እሳቸው ስለ አንድ ሰው እናት ሲጠይቁ፣ ያ ሰው ደም ሥሩ ይቆማል።

"ደህና ናት እትዬ። እግሯን ትንሽ ያማታል።"

"ደውልላት። አሁን። ወሬ አታብዛ፣ ድምፅዋን ብቻ ስማ።"

ወደ በረንዳው ወጣ። ከታች አውቶቡሱ ቆሞ ሰው ያወርዳል። ደወለ። ረጅም ጠራ። ከዚያ እናቱ አነሣች።

"ሃሎ? ማነው? ሕዝቂ? ምነው በዚህ ሰዓት? ምን ሆንክ?"

"ምንም አልሆንኩም እማዬ። ዝም ብዬ ነው።"

"ዝም ብሎ ይደወላል እንዴ! አስደነገጥከኝ እኮ። ሰማህ፣ ያቺ የጎረቤታችን ላም ወለደችልህ …"

ስለ ላሚቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እግሯ እያወራች ሄደች። ሕዝቅያስ በመስታወቱ ውስጥ ሳሎኑን እያየ ሰማት። ወይዘሮ እታለማሁ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ከሮይ ጎን፣ ግድግዳ ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ይህ የእናቱ ድምፅ አንድ ቀን እንደሚቆም ያውቃል። ያን ቀን እሱ ስልክ ሲጠግን፣ አንድ ሰው በሩቁ ይመጣል። ስንት ዓመት ሙሉ እኚህ ሴትዮ ወደ እኔ እንዳይመጡ እያለ ሲፈራ ኖሯል።

አሁን ግን የሚለምነው ሌላ ነገር ነበር። ጌታ ሆይ፣ አለ በልቡ፣ ለእሳቸው ዕድሜ ስጥልኝ። ያ ቀን መምጣቱ ካልቀረ፣ ከሌላ ሰው አፍ አልስማው።

"ትሰማኛለህ?" አለች እናቱ።

"እሰማሻለሁ እማዬ" አለ። "ቀጥይ።"